የታተመውና የተከፈተው ወረቀት

ገንዘቡ ከእጁ የወጣ፣ ቤቱ ግን በእጁ ያልገባ ሰው በምን ስም መጠራት እንደሚገባው የሕግ ሊቃውንት ያውቁ ይሆናል፤ እኔ ግን በዚህ ሁኔታ ስምንት ወር ከቆየሁ በኋላ እንኳ ራሴን ገዢ ልበለው ወይስ አበዳሪ ለመወሰን አልቻልሁም ነበር። ቀን በሥራ ተጠምጄ የምረሳው ነገር ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት እየቀሰቀሰኝ፣ መብራት አብርቼ ከቁም ሣጥኑ ላይ ሰማያዊውን ፋይል አወርድና፣ የቀብዱን ውል፣ የባንኩን ደረሰኝ፣ የካርታውን ፎቶ ኮፒ አንድ በአንድ እያገላበጥሁ፣ ከትናንት ወዲህ አንዲት ፊደል እንዳልተለወጠች እያወቅሁ፣ እንደገና አነብባቸው ነበር። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ አብራኝ ትነቃ ነበር፤ በኋላ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ዝም ማለትን መረጠች።

መዘግየቱን ያመጣው የማንም ሰው ክፋት አልነበረም። ቤቱ አባታቸው ከሞቱ በኋላ ለሦስት ወንድማማቾች በውርስ የተላለፈ ሲሆን፣ ሁለቱ አዲስ አበባ፣ ሦስተኛው ግን አሜሪካ የሚኖር ስለ ነበረ፣ የእርሱ ፈቃድ በውክልና መምጣት ነበረበት፤ ውክልናውም በዚያ አገር ባለው ኤምባሲያችን ተረጋግጦ፣ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከታየ በኋላ ነው ለውል አዋዋዩ የሚቀርበው። ያ ሁሉ ተፈጽሞ፣ ገዢና ሻጭ ለመፈረም ከጠረጴዛው ፊት በቆምንበት ዕለት፣ የሟቹ ስም በካርታው ላይ በብዙኃኑ «ኀ»፣ በወራሽነት ማስረጃው ላይ ደግሞ በሃሌታው «ሀ» ተጽፎ ተገኘና፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ማስረጃ አምጡ ተባልን። ስለ ሞክሼ ፊደሎቻችን ሊቃውንት ብዙ ዘመን ተከራክረዋል፤ እኔም ከወጣትነቴ ጀምሮ አንዲቱም እንዳትቀነስ ከሚሹት ወገን ነበርሁ፤ ዛሬም ነኝ፤ ነገር ግን አንዲት ፊደል የአንድን ቤተ ሰብ ኑሮ ሁለት ወር ልታቆም እንደምትችል ያየሁት ያን ዕለት ነው። ማስረጃው እስኪመጣም፣ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጸው ደብዳቤ ጊዜው አልፎበት ሌላ ማውጣት አስፈለገ።

ስለዚህ ሕጉን መውቀስ አልሻም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1723ኛው አንቀጽ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ባለቤትነት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ እንዲመዘገብ ያዘዘው፣ ቤት እንደ በግ ከገበያ ተጎትቶ የሚሄድ ንብረት ስላልሆነ ነው። ስለ ቀብድም ሲደነግግ፣ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱ እንዲቀርበት፣ ተቀባዩ ቢተው እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ይላል። በዚህ ድንጋጌ ውስጥ የማደንቀው ነገር፣ ሕጉ ራሱ በቃልና በፍጻሜ መካከል መንገድ እንዳለ፣ በዚያም መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ልቡ ሊናወጥ እንደሚችል አስቀድሞ አውቆ፣ ለመናወጡ ዋጋ ማቆሙ ነው። ነገር ግን ሕግ የሚለካው የገንዘቡን ጉዳት ነው፤ በመካከል የቆመው ሰው ሌሊቱን በምን እንደሚያሳልፍ ለመጠየቅ ወደ ሌላ መጽሐፍ መሄድ ያሻል።

እኔንም ከመዘግየቱ ይልቅ ያስጨነቀኝ መጨነቄ ነበር። ጌታችን በተራራው ላይ ሲያስተምር ስለ ምግብና ስለ ልብስ ልባችን እንዳይባክን የወፎችንና የአበቦችን ነገር ምሳሌ አድርጎ ሰጥቶናል፤ ስለ ራሱም፣ የዱር አውሬ እንኳ የሚገባበት ሲኖረው እርሱ የሚያርፍበት እንደሌለው ተናግሯል። ይህን ቃል ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ሲሰማ ያደገ ሰው፣ ሦስት መኝታ ክፍልና አንድ ሰርቪስ ቤት ለማግኘት ሲል ኅሊናው እንዲህ ሲታወክ ባየ ጊዜ፣ እስከ ዛሬ ሃይማኖት ያልሁት የከንፈር ኖሯልን? ብሎ መደንገጡ የሚገባ ነው። በዚህ ምክንያት በጾመ ፍልሰታ፣ ቀብዱን ከሰጠሁ አራት ወር ሲሆነኝ፣ ንስሓ አባቴ ዘንድ ሄድሁ።

«አባ» አልኋቸው፣ «ጭንቀት ያዘኝ፤ ለጸሎት ስቆም እንኳ ልቤ ያለው ከካርታው ጋር ነው። ይህ የእምነት ጉድለት አይሆንብኝም ይላሉ?»

እርሳቸው መቁጠሪያቸውን በሁለት ጣታቸው እንደ ያዙ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ገንዘቡን ስትሰጥ ምስክር ነበረህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ነበረኝ፤ ሦስት ሰዎች ፈርመዋል።»

«ውሉስ በስንት ቅጂ ነው የተጻፈው? የአንተው ደኅና ቦታ ተቀምጧል?»

ምዕዳን ስጠብቅ ይህን በመጠየቃቸው ተገርሜ ሁሉንም ነገርኋቸው። እርሳቸውም፣ «እንግዲያው ልጄ፣ ኤርምያስ ያደረገውን አድርገሃል። ሂድና ሠላሳ ሁለተኛውን ምዕራፍ አንብብ፤ ስትጨርስ ደግሞ መለስ ብለህ ሃያ ዘጠነኛውን» ብለው መስቀላቸውን አሳልመው አሰናበቱኝ።

ምዕራፉን ከዚያ በፊት አላነበብሁትም ማለት አይደለም፤ ገዢ ሆኜ ግን አላነበብሁትም ነበር። የይሁዳ ንጉሥ ሴዴቅያስ በነገሠ በ10ኛው ዓመት፣ የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከብቦ የአፈሩ ቁልል ከቅጥሯ ሥር በደረሰበት፣ ነቢዩም ከተማይቱ ለጠላት ተላልፋ እንደምትሰጥ ስለ ተናገረ በግዞት ቤት አደባባይ ተይዞ በተቀመጠበት ወራት፣ የአጎቱ ልጅ አናምኤል ይመጣና በአናቶት ያለችውን እርሻ እንዲገዛው ይጠይቀዋል። አገር ሊጠፋ በቀረበበት ሰዓት፣ ከታሰረበት ግቢ የማይወጣ ሰው፣ ሄዶ ሊያያት የማይችላትን መሬት ይገዛል። አገዛዙም እንዲያው በስሜት አይደለም፤ 17 ሰቅል ብር በሚዛን ይመዝናል፤ ውሉን ጽፎ ያትማል፤ ምስክሮች ያስፈርማል፤ የታተመውንና የተከፈተውን፣ ሁለቱንም ወረቀት፣ በአደባባዩ የተቀመጡት አይሁድ ሁሉ እያዩ ለኔርያ ልጅ ለባሮክ ሰጥቶ፣ ብዙ ዘመን ይቆዩ ዘንድ በሸክላ ዕቃ እንዲያኖራቸው ያዝዘዋል።

በዚህ ትረካ ውስጥ ያለው ጥንቃቄ እኔን እጅግ አስደነቀኝ። ነቢዩ ግዢው ከእግዚአብሔር የታዘዘ መሆኑን እያወቀ ሚዛኑንም፣ ማኅተሙንም፣ ምስክሩንም አልናቀም፤ የወረቀቱን መበስበስ እንኳ አስቦ ሸክላ ፈለገለት። በመንፈሳዊ ሰው ዘንድ ስለ ሰነድ መጨነቅ ነውር የሚመስላቸው ብዙዎች አሉ፤ «አምኜዋለሁ፣ ወንድሜ ነው» እያሉ ያለ ውል ገንዘብ ሰጥተው፣ በኋላ ወንድምነቱም ገንዘቡም የጠፋባቸውን ሰዎች አውቃለሁ። የኤርምያስ እምነት ግን በአደባባይ የተፈረመ እምነት ነው።

ሁለተኛውና ለእኔ መድኃኒት የሆነኝ ነገር ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ኤርምያስ ወረቀቱን ለባሮክ ከሰጠ በኋላ ይጸልያል፤ ጸሎቱም ሰማይና ምድርን የፈጠረውን በማመስገን ጀምሮ፣ እስራኤልን ከግብፅ ያወጣበትን ድንቅ ዘክሮ፣ በመጨረሻ የሚያርፈው በመገረም ላይ ነው፤ ከተማይቱ በሰይፍና በራብ በቸነፈርም ለከለዳውያን ልትሰጥ ተቃርባ ሳለ፣ አንተ ግን መሬት ግዛ አልኸኝ፣ ይላል። እንግዲህ ልብ ይሏል፤ ነቢዩ የተናወጠው ብሩን ከመዘነ በኋላ ነው። ከመክፈሉ በፊት ያልጠየቀውን ከከፈለ በኋላ ጠየቀ፤ መልስም አገኘ እንጂ ስለ ጠየቀ አልተገሠጸም። በእኔና በእርሱ መካከል ያለው ልዩነት፣ እርሱ ድንጋጤውን ይዞ ወደ ጸሎት ሲገባ እኔ ድንጋጤዬን ይዤ ወደ ፋይሉ መመለሴ ነበር። ከሁለቱ ወረቀቶች አንዱ የታተመው ማንም እንዳይለውጠው፣ ሌላው የተከፈተው የሚፈልግ እንዲያነብበው ነው፤ እኔ በየሌሊቱ የተከፈተውን እያነበብሁ የታተመውን ለማየት እደክም ነበር። ደግሞም መጽሐፍ ኤርምያስ ወደ ግብፅ እንደ ተወሰደ ይነግረናል እንጂ፣ ያችን እርሻ አርሶ እህል እንደ ሰበሰበባት የትም አይነግረንም።

ከነቢዩ ጋር የሚነሣ አንድ የእኛ ሰው አለ፤ ኤርምያስን በገመድ ከጉድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ። ቤተ ክርስቲያናችን በምትቀበለው በተረፈ ባሮክ እንደ ተጻፈው፣ አቤሜሌክ የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳያይ ከዛፍ ጥላ ሥር 66 ዓመት አንቀላፍቶ ሲነቃ፣ በመሶቡ ያለው በለስ ገና ትኩስ ነበር። በእነዚያ ስምንት ወራት ይህን እንቅልፍ ምን ያህል እንደ ተመኘሁት ልናገር አልችልም። ከዛፍ ሥር ተኝተው ሲነቁ ቁልፉን በእጅ ማግኘት! ነገር ግን ያው ጌታ ለአገልጋዩ እንቅልፍን ሲሰጠው፣ ለነቢዩ ለራሱ ንቁ ሆኖ መጠበቅን ነው የሰጠው፤ ድርሻውን መርጦ የወሰደ አንዳቸውም አይደሉም።

ይህን ስል መዘግየትን ሁሉ የምባርክ እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ። ትዕግሥትን መስበክ የሚገባው የሚጠብቀው ሰው ለራሱ ነው እንጂ፣ የሚያስጠብቀው ሰው ለሚጠብቀው አይደለም። ጠቢቡ ሰሎሞን፣ በእጅህ ያለውን ነገር ለባልንጀራህ ነገ እሰጥሃለሁ ብለህ እንዳትመልሰው ሲል ከልክሏል፤ ይህም ምክር ከሁሉ በፊት መጻፍ የነበረበት በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ግንባር ላይ ነው። የሰውን ወረቀት በመሳቢያው አስቀምጦ «ነገ ይመለሱ» የሚል ሰው፣ የሰረቀው ገንዘብ ስላልሆነ ሌባ አይባልም፤ ከባለ ወረቀቱ ዕድሜ ላይ ግን አንድ ቀን ወስዷል። በአንጻሩም፣ የሥራ ሰዓት አልቆ ጓደኞቿ ቦርሳቸውን ሲያነሡ፣ «ይቆዩኝ ጋሼ፣ ዛሬውኑ አገኝልዎታለሁ» ብላ ወንበር ላይ ቆማ፣ እስከ ጣሪያው ከተከመረው ፋይል ውስጥ የእኛን አውጥታ፣ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ የጠረገችውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እስክሞት አልረሳትም።

ደግሞስ የእኔ ስምንት ወር ምን ይቆጠራል? በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለጋራ መኖሪያ ቤት የተመዘገቡት በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው እንደገና ሲከፈትም ሕዝቡ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 በሚባሉት መርሐ ግብሮች እየገባ በየወሩ በባንክ መቆጠብና ዕጣ መጠበቅ ጀመረ። ከእነዚያ መካከል ዕጣቸው ሳይወጣ ልጆቻቸውን የዳሩ፣ የቁጠባ ደብተራቸውን ለወራሾቻቸው ትተው ያረፉም አሉ። ስለ እነርሱ ሳስብ ስለ ራሴ የጻፍሁትን ሁሉ መቅደድ ያምረኛል።

አባ መለስ ብለህ አንብብ ያሉኝ ምዕራፍ፣ ይኸው ኤርምያስ ተማርከው ባቢሎን ለወረዱት ሰዎች የላከው ደብዳቤ ነው። ምርኮኞቹ ቶሎ እንመለሳለን ብለው ዕቃቸውን እንዳሰሩ ነበር፤ እርሱ ግን የሚጠብቁት 70 ዓመት መሆኑን ነግሮ፣ በዚያው በባዕድ አገር ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፣ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ ለከተማይቱም ሰላም እንዲጸልዩ ያዝዛቸዋል። ይህን ሳነብ ቀና ብዬ የተከራየነውን ቤት ዙሪያውን አየሁት። ጣሪያው ከአንድ ጥግ ያፈስስ ነበር፤ «ልንለቅ ነው» ብዬ አላስጠገንሁትም። የመጽሐፍ ካርቶኖቼ ከሚያዝያ ጀምሮ እንደ ታሸጉ ነበሩ። የማኅበራችን ጽዋ ተራ ሁለት ጊዜ ደርሶን፣ «በአዲሱ ቤታችን ይሁን» ብዬ ሁለት ጊዜ አስተላልፌዋለሁ። ባለቤቴ በክረምቱ መግቢያ የጎመን ችግኝ ገዝታ ስትመጣም፣ ለማን ልትተዪው ነው ብዬ ተቆጥቻት ነበር፤ እርሷ ግን ምንም ሳትመልስልኝ፣ ከውኃው ቧንቧ አጠገብ ባለች ከሁለት ክንድ በማትበልጥ መሬት ላይ ተክላዋለች። ደብዳቤውን ያነበብሁ ማታ ወጥቼ በባትሪ አየሁት፤ ቅጠሉ እጅ ያህል ሆኗል።

ጽዋውን በጾመ ነቢያት፣ በኅዳር ወር መጨረሻ፣ በዚያው በተከራየነው ቤት አወጣን። አባ መጥተው ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ቆረሱ፤ የማኅበሩ ሰዎች በካርቶኖቹ ላይ ሳይቀር ተቀመጡ፤ ጎመኑም ከቧንቧው ሥር ተቀጥፎ፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት፣ ትኩሱን በእንጀራ ቀረበ። ስለ ቤቱ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሣሁም።

ፊርማው ያለቀው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ዕቃ ጭነን ስንወጣ አከራያችን እትዬ በር ላይ ቆመው፣ ባለቤቴ ለመጨረሻ ጊዜ ጎመን ልትቀጥፍ ጎንበስ ስትል አዩና፣ «ቅጠሉን ውሰጂ የኔ ልጅ፤ ግንዱን ግን እንዳትነቅዪብኝ፣ ገና ያቆጠቁጣል» አሏት። እርሷም የታችኛውን ቅጠል ብቻ ሰብስባ፣ ዙሪያውን አፈር አስታቅፋ፣ ውኃ አጠጥታው ወጣች።