ስሌት ባለቤት አለውን?

ሰው በድካሙ ያፈራው ነገር የራሱ ነው ማለት ትክክለኛ ፍርድ ነው። ሸማኔ የሠራውን ጋቢ ማንም ሳያስፈቅደው ሊወስድበት አይገባም። ነገር ግን አንድ ሰው የስሌት መንገድ አግኝቶ «በዚህ መንገድ ሌላ ሰው አያስላ» ቢል፥ ይህ እንደ ጋቢው ይቈጠራልን? ጋቢ ለሁለት ቢካፈሉት ይቀደዳል፤ ስሌት ግን ለሺሕ ሰው ቢሰጥ አይጐድልም።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ፤ ዓመታቱ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። ሪቨስት፥ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ሊቃውንት በአሜሪካ አገር በኤም አይ ቲ ሳሉ፥ በ1977 መልእክትን በምሥጢር የሚቈልፍ ስሌት አገኙ። የሚቈልፈው ቍልፍ ለሁሉ ይገለጣል፥ የሚከፍተው በባለቤቱ ዘንድ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች እንኳ በምሥጢር ሊጻጻፉ ይችላሉ። ለዚህ ብልሃት በ1983 ፓተንት ተሰጠው። ፓተንት ማለት ብልሃቱን ለገለጠ ሰው፥ እስከ ተወሰነ ዘመን ያለ ፈቃዱ ማንም እንዳይሠራበት መንግሥት የሚሰጠው መብት ነው። ነገር ግን ማመልከቻው ከመቅረቡ በፊት ብልሃቱ በመጽሔት ታትሞ ስለ ነበር፥ መብቱ ከአሜሪካ ውጭ አልሠራም። እንግዲህ ያው የፕሮግራም ጽሑፍ፥ አንድ ፊደል ሳይለወጥ፥ በአውሮፓ ነጻ፥ በአሜሪካ ግን ባለዕዳ ሆነ።

በ1991 ፊል ዚመርማን ፒጂፒ የተባለውን ፕሮግራም ከነሶርስ ኮዱ በነጻ ቢሰጥ፥ የፓተንቱ ባለመብት ኩባንያ ፈቃድ የለህም ብሎ ተከራከረው። ነገሩ የበረደው በ1994፥ ኩባንያው ራሱ የጻፈው የስሌት ክፍል በፕሮግራሙ ገብቶ፥ ለንግድ እንዳይውል ከተወሰነ በኋላ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ጉዳቱ ከገንዘብ ይልቅ በመተማመን ላይ ነው። የምሥጢር ስሌት የሚታመነው ብዙ ዓይን ሲመረምረው ነውና፥ «ውስጤን ሳታይ እመነኝ» የሚል መቈለፊያ ማን ይገዛል? ፓተንት ማየትን እንደማይከለክል ልመሰክርለት ይገባኛል። ዳሩ ግን አንብቦ፥ ስሕተቱን አርሞ፥ ያረመውን ለጐረቤቱ የሚያድለውን ሰው እጁን ይይዘዋል። ነጋዴ ፈቃዱን ይገዛል፤ በነጻ የሚሰጥ ሰው ከምን ያውጣ? ስንት ሰው እንደ ወሰደለትስ በምን ቈጥሮ ያውቃል?

«መብት ባይኖር ብልሃቱ ሁሉ ተደብቆ በቀረ ነበር» የሚሉኝ አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ክሊፈርድ ኮክስ በእንግሊዝ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሳለ ይህንኑ የሚመስል ስሌት በ1973 አግኝቶ፥ መሥሪያ ቤቱ ስለ ሸሸገው ዓለም የሰማው በ1997 ነው። ሆኖም ሦስቱ ሊቃውንት ብልሃታቸውን የገለጡት ፓተንት ከመጠየቃቸው በፊት ነበርና፥ አንደበታቸውን የፈታው ፓተንቱ ነው ለማለት አልደፍርም። ዋጋ ይከፈላቸው ቢባል እስማማለሁ፤ ከነጋዴ ይቀበሉ። በነጻ ከሚያድል ሰው ግን ምን ይጠየቃል?

ግኑፒጂ የተባለው ነጻ ፕሮግራም በ1999 የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ ሲወጣ፥ ስለ ፓተንቱ ይህን ስሌት ትቶት ነበር። በመስከረም 2000፥ ዘመኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፥ ኩባንያው ስሌቱን ለሁሉ ለቀቀ፤ ግኑፒጂም በዚያው ወር አስገባው።