የማለውን ሰው ጠይቁት

ልጆቼ፣ አንድ ሰው ሲሾም በምክር ቤት ፊት ቆሞ ሕገ መንግሥቱን ሊያከብር፣ ሕዝቡንም በታማኝነት ሊያገለግል ሲምል በቴሌቪዥን ታያላችሁ። ይጨበጨብለታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በማግስቱ ነገሩ ይረሳል። ብዙዎቻችሁ ሥነ ሥርዓት ብቻ ነው ብላችሁ ጣቢያ ትቀይራላችሁ። እባካችሁ አትቀይሩ። በአደባባይ የተማለ መሐላ እማኝ አለው፤ እማኞቹም እናንተ ናችሁ። እማኝ ደግሞ ቃሉ ሲፈርስ ዝም ካለ አብሮ አፍራሽ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12ን አንብቡት። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ኃላፊም ተመራጭም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ይጠየቃል፤ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት ይችላል። ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ እኛ ግን ከሕጉ ይልቅ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት በቃላችን ያዝን። በየድግሱ እየሳቅን ስንደጋግመው ለተሿሚው የመስረቅ ፈቃድ ስንሰጥ ኖርን። ይህን ተረት ለልጆቻችሁ አታውርሱ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ፤ ተጠያቂነትን ከበቀል ጋር አታምታቱ። የወሎን ረሃብ ማን ደበቀው ተብሎ አገር በተቆጣበት በ1966 ዓ.ም. የቀድሞ ባለሥልጣናትን የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ሥራው ከዳር ሳይደርስ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ያን ጊዜ «እሰይ» ያለ ሰው ጥቂት አልነበረም። ሆኖም የሞተ ሰው ጥያቄ አይመልስም። ማን ምን ያውቅ እንደነበር፣ ማን የትኛውን ሪፖርት ሸሽጎ እንዳስቀረ በፍርድ አደባባይ ተሰምቶ ሳያልቅ ብዙው አብሯቸው ተቀበረ። ከእነሱ በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውም ጠመንጃ የያዘውን መፍራት ተማረ እንጂ ሕግን መፍራት አልተማረም። ያ ትምህርት ስንት ወጣት እንዳስከፈለን ታላላቆቻችሁን ጠይቁ።

ስለዚህ በሕግ ጠይቁ፣ በጽሑፍም ጠይቁ። ወረዳ ሄዳችሁ ጉዳያችሁ «ነገ ና» እየተባለ ሲጓተት በር ላይ ቆማችሁ አትሳደቡ። ማመልከቻችሁን በሁለት ቅጂ ጻፉ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ፣ ማኅተም አስመቱ። ሠራተኛዋ «እሱ አያስፈልግም» ብትላችሁ በትሕትና፣ ግን ሳትነቃነቁ «ያስፈልገኛል፣ እህቴ» በሏት። ቀን ያለበት ወረቀት በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ከመቶ ሰው ሐሜት ይበልጥ ይከብዳል። መረጃ የጠየቃችሁ እንደሆነ አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዛል። ዝም ካሏችሁ ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሂዱ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ያደክማል፤ አልዋሻችሁም። «የሻይ» ብላችሁ ያቀበላችሁ ዕለት ግን መሐላውን ያፈረሳችሁት ሁለት ሆናችሁ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የራስን ሰው መጠየቅ ነው። የሌላው ወገን ሹም ሲሰርቅ ጉሮሯችን እስኪደርቅ እንጮሃለን፤ የአገራችን ልጅ ሲሰርቅ «ይብላ፣ የእኛ ነው» እንላለን። አገር ያሳመመው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የሰረቀው ደግሞ ከእናንተው ነው፤ ያልተሠራው ድልድይ፣ መድኃኒት ያጣው ጤና ጣቢያ ያለው በዚያው በእናንተ ቀበሌ ነው። አጎታችሁ የተሾመ እንደሆነ እንኳን ደስ አለዎት በሉት፣ በእልልታም ተቀበሉት። ድግሱ ሲያልቅ ለብቻው አግኝታችሁ «ጋሼ፣ ሀብትዎን አስመዘገቡ?» ብላችሁ ጠይቁት። በአዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት ተሿሚ የራሱንም የቤተሰቡንም ሀብት የማስመዝገብ ግዴታ አለበት፤ በየሁለት ዓመቱም ያድሳል። ቢቀየማችሁ ቻሉት። የማደሻው ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ይዛችሁ ተመለሱ።