ያልደረሰ ጉዳት

በእንግሊዝ አገር ኒውኪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ቦርድማስተርስ የሚሉት የበጋ በዓል አለ። በ1981 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በሳንቃ ላይ ቆሞ ማዕበል የመጋለብ ውድድር ነበረ፤ ሙዚቃው ኋላ ተጨመረበት። በ2019 እ.ኤ.አ. በዓሉ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፥ ብርቱ ነፋስ እንደሚመጣ ስለ ተነገረ አዘጋጆቹ ሰረዙት። ድንኳኑን ጠቅልሎ ለመንገድ የተሰናዳው ወጣት እንደ ምን አዝኖ ይሆን! እኔም በዕድሜው ብሆን ማጉረምረሜ አይቀርም ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ፍረድ። ሰው ሞቶ ቢሆን ኖሮ ጥፋተኛውን ሁሉ ይጠቁመው ነበር፤ ከሞት የተረፈው ግን መትረፉን ስለማያውቅ ማንን ያመሰግናል? ማዕበል ጋላቢ የሚፈራውን ማዕበል በዓይኑ ያየዋል፤ አዘጋጆቹ ግን ገና ላልነፈሰ ነፋስ ብለው የብዙ ሺህ ሰው ደስታ አስቀሩ። ትክክል እንደ ነበሩም ማስረጃ የላቸውም፤ ባዶ ሜዳ ምን ይመሰክርላቸዋል? እኔ ለእነርሱ እፈርዳለሁ፤ ወቀሳውን ችለው የትኬቱን ገንዘብ መለሱ።