የእንግዳው ዕዳ ምንድን ነው?

እንግዳን መቀበል በጎ ምግባር መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። አብርሃም በመምሬ ሦስቱን መንገደኞች እንዴት እንዳስተናገደ (ዘፍ. 18)፣ ጌታችንም በፍርድ ቀን እንግዳ ስለ ተቀበሉት ሰዎች ምን እንደሚል (ማቴ. 25) ደጋግመን ሰምተናል። ጥያቄውን ገልብጠን የምናነሣው ግን ከስንት አንዴ ነው፤ ባለቤቱ ለእንግዳው ዕዳ ካለበት፣ እንግዳውስ ለባለቤቱ ምን ዕዳ አለበት?

ይህ ጥያቄ ለትምህርት ባሕር ተሻግሮ በማያውቀው ቤተሰብ ዘንድ በሚያርፍ ወጣት ሕይወት ጎልቶ ይታያል። ለምሳሌ አሜሪካን ፊልድ ሰርቪስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በቤተሰብ ቤት ያሳርፋል፤ ቤተሰቦቹም የሚቀበሏቸው በፈቃዳቸው እንጂ በክፍያ አይደለም።

የአገራችን ልጅ እንዲህ ባለ የአሜሪካ ቤት የመጀመሪያውን እራት ሲቀመጥ፣ የቤቱ እመቤት «ልጨምርልህ?» ብላ አንድ ጊዜ ትጠይቀዋለች እንበል። እርሱም እንደ አስተዳደጉ «በቃኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል። በእኛ ቤት ይህ ቃል የንግግሩ መጀመሪያ ነው፤ «በሞቴ» ይከተላል፣ ጉርሻም ይመጣል። እዚያ ግን ሳህኑ ይነሣል። ልጁ ሳይጠግብ ይተኛል፤ በልቡም «እነዚህ ሰዎች ፍቅር የላቸውም» ይላል።

ፍርዱ ቅን ነውን? በእኛ ዘንድ እንግዳውን የሚያከብር «በቃኝ» ማለቱን አያምነውም፤ በእነርሱ ዘንድ የሚያከብር ያምነዋል። ሁለቱም አክብሮት ነው። ይሉኝታ ሁለቱም ወገኖች ሲያውቁት የጨዋነት ቋንቋ ነው፤ አንዱ ካላወቀው ግን ያው ቃል እውነትን ይሸፍናል። ያልተናገርነውን አልሰሙንም ብሎ መክሰስም ፍርደ ገምድልነት ነው።

«ይሉኝታውን ቢጥል ጨዋነቱን አይጥልምን?» የሚል ይኖራል። አሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ ስስታም እንግዳ ማንንም አያስደስትምና። ሆኖም ከይሉኝታ በስተጀርባ አንዳንድ ጊዜ ትዕቢት ይሸሸጋል፤ የማንም ባለ ዕዳ ላለመሆን መፈለግ። ጌታችን በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ደክሞት ተቀምጦ ከሳምራዊቷ ሴት ውኃ ለመነ (ዮሐ. 4)። ሁሉን የሚሰጥ እርሱ መለመንን ካልናቀ፣ «ርቦኛል» ማለት ለእኛ ውርደት አይሆንም።

ጾምም እንዲሁ ነው። ዓርብ ቀን ሥጋ ሲቀርብለት ዝም ብሎ ቢበላ ኅሊናው ይወቅሰዋል፤ ዝም ብሎ ቢተው ያበሰለችው ታዝናለች። አስቀድሞ በትሕትና ቢያስረዳ ግን ኅሊናውንም አስተናጋጆቹንም ያከብራል።

በታሪካችንም ምሳሌ አለን። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652ም በጎታ የመስፍኑ የኤርንስት እንግዳ ሆኑ። መጀመሪያ ሁለቱም አፋቸውን ባልፈቱበት በግእዝ እየተቸገሩ ተነጋገሩ። አባ ጎርጎርዮስ ስለ አገራቸው የተጠየቁትን በግልጽ በማስረዳታቸው፣ ሉዶልፍ በ1681 ላሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ዋና ምንጭ ሆኑ። እንግዳው ለቤቱ ያመጣው ስጦታ ራሱን ማሳወቁ ነበር።

እንግዲህ የእንግዳው ዕዳ ሁለት ነው፤ ምስጋናና እውነት። ምስጋናውን ለልጆቻችን አስተምረናል፤ እውነቱን ግን ብዙ ጊዜ ዘንግተናል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ከደብራችሁ ወጥቶ ወደ ውጭ አገር ለሚሄደው ብቻ ሳይሆን፣ ለመማር ከገጠር ወደ ከተማ መጥቶ በዘመድ ቤት ለሚጠጋውም ተማሪ ይህን ንገሩት፦ የሚያስፈልገውን በትሕትና ይናገር፤ ከመናገሩ በፊትም በአስተናጋጆቹ ላይ አይፍረድ።