በልማድና በትእዛዝ መካከል

ባህል የሚለው ቃል ብህለ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። ብህለ ማለት አለ፥ ተናገረ ማለት ስለ ሆነ፥ ባህልም በመጀመሪያ ትርጓሜው ቃል፥ ንግግር፥ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር የመጣ ነገር ማለት ነው። ሰው ገና አፉን ሳይፈታ፥ ለምን ብሎ ለመጠየቅም ሳይችል፥ አስቀድሞ ሲነገር የቆየው ሁሉ ይቀበለዋል። እንዴት እንደሚቀመጥ፥ እንዴት እጅ እንደሚነሣ፥ በማን ፊት ዝም እንደሚል፥ በሐዘን ጊዜ ደረቱን እንደሚመታ ወይም ልቅሶውን እንደሚውጥ ከእናቱ ጡት ጋራ ይማራል። በጎለመሰ ጊዜ ግን ይህን ሁሉ ከሰው እንደ ተማረው ይዘነጋና የተፈጥሮ ሕግ፥ ይልቁንም የእግዚአብሔር ትእዛዝ ይመስለዋል። ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ አገር ወደምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያናችን ለአገልግሎት ሄጄ ሳለሁ፥ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ምእመን የዐሥራ አራት ዓመት ልጁን እጁን ይዞ አመጣልኝ። መስቀል ተሳልሞ፥ «አባቴ፥ ይህን ልጅ ይገሥጹልኝ። ስቆጣው አንገቱን አይደፋም፤ ዐይኔን ትክ ብሎ ያየኛል። ለምን ይህን አደረግህ ብለው እርሱም መልሶ ለምን ይለኛል። ከእንግዲህ ከእኔ ቤት አይኖርም፤ ወደ አጎቱ ልሰደው ቈርጫለሁ» አለኝ። ልጁን ለብቻው ጠርቼ ብጠይቀው፥ ዐይኑ እንባ አቅርሮ፥ በተሰባበረ አማርኛ እንዲህ አለኝ፤ «በትምህርት ቤት ስናገር ወደ መሬት ካየሁ አስተማሪዬ ትደብቃለህ ትለኛለች። እኔ አባቴን የማየው እንደማልዋሽ እንዲያውቅ ነው።»

ልጁ ለእውነተኛነቱ ምስክር አድርጎ ያቀረበው ነገር ለአባቱ ንቀት ሆኖ ታየው። በእኛ ዘንድ በታላቅ ፊት ዐይንን መስበር አክብሮት ነው፤ በዚያ አገር ግን ዐይኑን የሚሰብር ሰው ነውር እንደ ሸሸገ ይቈጠራል። እንደዚሁም እኛ በአንተና በአንቱ መካከል የምናደርገው ልዩነት በዛሬው እንግሊዝኛ የለም፤ በዚያ ቋንቋ ያደገ ልጅ ሽማግሌውን አንተ ቢል ከድፍረት የተነሣ ላይሆን ይችላል። አባትንና እናትን ማክበር ከዐሥርቱ ቃላት አንዱ ስለ ሆነ በሁሉም አገር ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ አንድ ሲሆን ምልክቱ ግን በየአገሩ ልዩ ልዩ ሆነ።

ይህን ሳስብ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1547 ዓ.ም. በግእዝ ያጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ትዝ ይለኛል። የሮም ካህናት በዚያ ዘመን የኢትዮጵያን ክርስቲያኖች ስለ ግዝረት፥ ስለ ቅዳሜና የእሪያን ሥጋ ስላለመብላት እንደ አይሁድ ናችሁ እያሉ ይከሷቸው ነበር። ንጉሡ አስቀድመው ምሥጢረ ሥላሴንና የወልድን ሰው መሆን መሰከሩ፤ ከዚያም ወደ ክሱ ተመልሰው እያንዳንዱን ነገር በየቦታው አኖሩት። የቅዳሜን አከባበር ከሐዋርያት በዲድስቅልያ የተቀበልነው ሥርዓት ነው ብለው ለዩት። ስለ ግዝረት ግን የቅዱስ ጳውሎስን ትምህርት እንደሚያውቁ ከገለጹ በኋላ፥ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፥ በህንድም ጆሮን እንደ መብሳት ያለ የአገር ልማድ መሆኑን አስረዱ። ስለ እሪያም ሥጋ የሚበላውን እንደማይጸየፉት፥ የማይበላውንም ብላ ብለው እንደማያስገድዱት ተናገሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ንጉሡ የእኛ ልማድ ከሌላው ሕዝብ ልማድ ሁሉ ይበልጣል ለማለት ምክንያት አላጡም ነበር። ነገር ግን የገዛ አገራቸውን ልማድ ወስደው ከኖባውና ከህንዱ ልማድ ጎን አቆሙት። የጎረቤትን ልማድ ልማድ ነው ብሎ መናገር ለማንም ይቀላል፤ የራስን ልማድ እንዲህ ብሎ መጥራት ግን ትሕትና ይጠይቃል። ሃይማኖታቸውም በዚህ አልተቀነሰም፤ ገለባው ሲነሣ ፍሬው ይበልጥ ታየ እንጂ።

ከሰባ ዓመት በኋላ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ይህን ልዩነት አላደረገም። ክርክሩ ዋና ሥሩ የክርስቶስ ባሕርይ ነገር እንደ ነበር እናውቃለን። እርሱ ግን በዚያ ሳይወሰን ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ ዳግመኛ ክህነት እንዲቀበሉ፥ ግዝረት እንዲቀር፥ ጾሙና በዓሉ በሮም አቈጣጠር እንዲሆን አዘዘ። እንዲህ ያለው ትእዛዝ ከገበሬው ጎጆ ድረስ ይገባል። ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በወይና ደጋ ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ይህን ስል ልማድ ሁሉ መልካም ነው፥ ባህላችን ነው ከተባለ ማንም አይመርምረው ማለቴ አይደለም። በራሴ የደረሰውን ልናገር። የቅኔ ተማሪ ሳለሁ ደበሎዬን ለብሼ፥ አኩፋዳዬን አንግቼ በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ በየመንደሩ እለምን ነበር። ታላላቆቼ ተማሪዎች ከሸክላ ሠሪዎች ደጅ እንዳልቆም፥ ቡዳ ናቸውና ከእጃቸው እንዳልቀበል አስጠንቅቀውኛል። አንድ ክረምት ውሻ አባሮኝ፥ ዝናብ መትቶኝ፥ ሳላውቅ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ደጅ ተጠጋሁ። ሴቲቱ ትኩስ እንጀራ ይዛ ወጥታ፥ «እንካ ልጄ» አለችኝ። የሸክላውን አፈር ከእጇ ላይ ባየሁ ጊዜ እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብሁ። ነገሩ ገባት፤ አልተቈጣችም። እጇን ሳልነካ እንዳነሣው እንጀራውን ከድንጋይ ላይ አኑራ ገብታ በሯን ዘጋች። እኔም ርቦኝ ሳለ ትቼው ሄድሁ።

ያን ጊዜ ያላሰብሁት፥ በየቤቱ የተቀበልሁት ቁራሽ ሁሉ በእርስዋና በወገኖቿ እጅ በተሠራ ምጣድ የተጋገረ መሆኑን ነው። በምጣዷ የተጋገረውን እየበላሁ እጇን ተጸየፍሁ። ባስልኤልን የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት የእጅ ሥራ ይሠራ ዘንድ እንደ ሆነ በኦሪት ዘጸአት አንብቤአለሁ፤ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ እንደ ነበር፥ ጌታችንንም የአገሩ ሰዎች ጸራቢ እያሉ እንደ ናቁት ተምሬአለሁ። ልማዱ ግን ካነበብሁት በረታ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ እኔ ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ እጄን የሰበሰብሁት ማንም አስገድዶኝ አይደለም።

እንግዲህ አንዱ ልማድ እንደ ቋንቋ ነው፤ ፍቅርና አክብሮት በእርሱ ይነገራሉ፥ በሌላም ቋንቋ ሊነገሩ ይችላሉ። ሌላው ልማድ ግን በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረውን ሰው ያዋርዳል፤ ይህን በአባቶች ስም መጠበቅ አባቶችን መስደብ ነው። አንዱንም ልማድ ቢሆን እንደ ሁኔታው መመርመር ያስፈልጋል። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ አይሁድ ሲል ገረዘው፤ ቲቶን ግን ለመገረዝ እንዲገደድ አልፈቀደም። የመጀመሪያው ለወንጌል መንገድ ለመክፈት የተደረገ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ልማዱን የመዳን ግዴታ ሊያደርጉት የፈለጉ ነበሩ።

ያን አባት «ልጅህ ይዋሻል?» ብዬ ጠየቅሁት። «አይ አባቴ፥ አይዋሽም» አለ። «እናቱን ይሰድባል? ታናናሾቹን ይመታል?» ብለው፥ «የለም፤ እርስዋ ስትታመም ቤቱን የሚጠብቅ እርሱ ነው» አለኝ። ልጁ የነገረኝን ነገርሁት፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ልጁንም ጠርቼ፥ አባትህ በአያትህ ፊት ዐይኑን የሚሰብረው ፈርቶ ብቻ ሳይሆን አክብሮ ነው፤ አንተም እንግሊዝኛውን እንደ ተማርህ ይህንም እንደ አንድ ቋንቋ ተማረው አልሁት። «ሁለቱንም?» አለኝ። ሁለቱንም አልሁት።

አባትየው ልጁን ወደ አጎቱ እንደማይሰደው ቃል ገብቶልኝ ተለያየን። ስለዚያ «ለምን» ግን አልተስማማንም፤ እርሱ በአባት ፊት ለምን ማለት በየትኛውም አገር ድፍረት ነው ይላል፤ እኔም ሊቃውንቱ ጉባኤ ዘርግተው ሲያስተምሩ ደቀ መዝሙሩ ለምን ብሎ ካልጠየቀ ትርጓሜው እንዴት ይወጣል ብዬ በሚቀጥለው ጊዜ እንድንነጋገርበት ቀጥሬዋለሁ።