ማን ሠራው?

ለንደን በሚገኘው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከመዳፍ የማትሞላ አንዲት ክብ ሥዕል አለች። በቱዶሮች ዘመን የነበረችው የቤተ መንግሥት ወይዘሮ የሌዲ ካትሪን ግሬይ መልክ ናት። ያኔ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች በውኃ ቀለም ስስ ብራና ላይ ይሣሉ ነበር፤ ብራናውም ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው በመጫወቻ ካርታ ላይ ነው። ሠዓሊው ግን አልፈረመባትም።

ባለሙያዎች «ሌቪና ቴርሊንክ ሳትሆን አትቀርም» ይላሉ። ሌቪና ከብሩዥ የመጣች፣ የዕውቁ የብራና ሠዓሊ የሲሞን ቤኒንግ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1546 ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በዓመት 40 ፓውንድ ቆረጠላት፤ ታላቁ ሆልባይን እንኳ ያን ያህል አይከፈለውም ነበር። ከሄንሪ ቀጥሎ ኤድዋርድን፣ ሜሪንና ኤልሳቤጥን አገልግላ በ1576 ሞተች። ደመወዟ ተመዝግቧል። ለዘመን መለወጫ ለንግሥቲቱ ያበረከተቻቸው ሥዕሎችም ተመዝግበዋል። የእሷ ፊርማ ያረፈበት ሥዕል ግን አንድም አልተገኘም።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንል የለም? የሌቪና ስም ዋለ፤ የዋለው ግን ደመወዝ መዝገብ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ በሉልኝ። ስም የሌላቸው ሥዕሎች ሲከፋፈሉ፣ ክንዳቸው እንደ እንጨት የቀጠነ፣ አሳሳላቸውም ደከም ያለ አንዳንዶቹ ለእሷ ተሰጡ። ቆየት ብሎ ደግሞ በእነዚያው ሥዕሎች «ይህቺ ሴት እኮ ደካማ ነበረች» ተባለ። መጀመሪያ ደካማውን ማሸከም፣ ቀጥሎ «ደካማ ነሽ» ብሎ መፍረድ! ይህ ምን ዓይነት ዳኝነት ነው?

በባለሙያዎቹ ልስቅ ዳድቶኝ ነበር። ግን በምን አፌ? ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ከኋላ ወንበር የማይነሣ፣ በክፍል ውስጥ አንዲት ቃል የማይተነፍስ ተማሪ ነበረኝ። አንድ ቀን ግሩም ጽሑፍ አመጣ። አነበብኩና ጠራሁት፤ «ይህን ማን ጻፈልህ?» አልኩት።

«እኔው ነኝ መምህር» አለኝ።

አላመንኩትም። ማስረጃ አልነበረኝም፤ የነበረኝ «ከዚህ ልጅ ይህ አይወጣም» የሚል ሐሳብ ብቻ ነው። ዝቅተኛ ውጤት ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ያመጣልኝ ጽሑፍ ሁሉ ከሌሎቹ ተማሪዎች የማይለይ፣ ለማለፍ ያህል ብቻ የተጻፈ ሆነ። እኔም ይባስ ብዬ «አላልኩም!» አልኩ። ዛሬ ሳስበው ግን ማስረጃዬን የፈጠርኩት ራሴው ሳልሆን አልቀርም።

ጽሑፉ በእውነት የእሱ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ያኔም አላውቅም ነበር። ጥፋቴ አለማወቄ አይደለም፤ ያላወቅሁትን እንዳወቅሁ አድርጌ በቀይ እስክሪብቶ መጻፌ ነው።

ሙዚየሞች እርግጠኛ ባልሆኑበት ሥዕል ሥር «የእገሌ እንደሆነ የሚታመን» ብለው ይጽፋሉ። ትንሽ ቃል ናት፤ ነገር ግን ነገ ሌላ ማስረጃ ቢመጣ የሚገባባትን በር አትዘጋም። እኔ ያቺን በር ለሃያ ዓመት ልጅ ዘጋሁበት። እናንተስ፣ አንባቢዎቼ፣ በማን ላይ ዘግታችኋል?