እግር ነው ወይስ ገመድ?

አሮጌ መኪና ያለው ሰው የሚያውቃት አንዲት አሳፋሪ ደቂቃ አለች። አንደኛ ማርሽ ይገባል፤ ፍሪሲዮን ቀስ ተብሎ ይለቀቃል፤ መኪናው ግን በመሄድ ፈንታ ወባ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፋል። ከኋላ ያለው ታክሲ ጡሩንባውን ይነፋል።

የእኔዋ ቮልስዋገን ናት። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ስለነበር፣ የአዲስ አበባ ሰው ይህችን መኪና ሲያይ ታሪክም አብሮ ይታየዋል። ፋብሪካው ሞዴሏን መሥራት ያቆመው በ1995 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዛሬ በመንገድ ላይ ያሉት ሁሉ አሮጊቶች ናቸው። እኔ ግን ዕድሜዋን አልጠረጠርሁም። የጠረጠርሁት የእህቴን ልጅ ነው።

ልደታ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ስንነሣ መንቀጥቀጥ በጀመረችበት ዕለት መሪውን የያዘው እሱ ነበር። «እግርህን ፍሪሲዮኑ ላይ እያሳረፍህ አቃጠልኸው» አልሁት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ...» ሲል አላስጨረስሁትም። ቁልፉን ተቀበልሁት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ለቡና መምጣቱን ተወ።

ጋራዥ ወሰድኋት። ሞተሩ ወረደ፤ የፍሪሲዮኑ ሸራ ተለወጠ፤ ገንዘብ ተከፈለ። ከጋራዡ በር ስትወጣ ያው ተንቀጠቀጠች።

በመጨረሻ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ደረስሁ። መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት ጠየቁኝ፦ «ስትነሣ ብቻ ነው ወይስ ስትሄድም? ስትቀዘቅዝ ነው ወይስ ስትሞቅ?» ከዚያ ካርቶን አንጥፈው ከሥሯ ገቡ። በቮልስ ፔዳሉ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው። የፍሪሲዮኑ ገመድ በመኪናዋ ወገብ ውስጥ አልፎ ካምቢዮው ዘንድ ሲደርስ በአንድ ተጣጣፊ ቱቦ ውስጥ ይገባል። ቱቦው ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል መጉበጥ አለበት፤ ጉብጠቱ ገመዱን በጥቂቱ ስለሚይዘው ፍሪሲዮኑ በእርጋታ ይነክሳል። ቱቦው ቀጥ ሲል ግን ያዝ ለቀቅ ይጀምራል። ሸራው ዘይት ሲነካው ወይም ካምቢዮው የተቀመጠባቸው ጎማዎች ሲያልቁም እንዲሁ ይንቀጠቀጣል። የእኔዋ በሽታ ቱቦው ነበር፤ መድኃኒቱም ጥቂት ሮንዴላ።

መጠርጠር ኃጢአት ነውን? አይመስለኝም። እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ የሚነዳ ሰው ሸራውን በእርግጥ ያቃጥላል። የእኔ ጥፋት ጥርጣሬውን ሳልፈትን ፍርድ ማድረጌ ነው። ራሴ ስነዳት ስትንቀጠቀጥ «ድሮውንም አቃጥሎታል» አልሁ። አሮጌው ሸራ ሲወጣ መጥቆሩን እንኳ አገላብጬ አላየሁም። ምንም ማስረጃ የማያፈርሰው ክስ አበጅቼ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። እኔ ያለ ምስክር የፈረድሁት ይኸው ሕግ በሚጠቀስበት ደጃፍ ላይ ነው።

ለምን እሱን? መልሱን ለማመን ያስቸግራል። ለዓመታት ሳላስፈትሻት የነዳኋት እኔ ነኝ። ራሴን ከምከስ ጋሼ ብሎ የሚያከብረኝን፣ መልስ የማይሰጠኝን ልጅ ከሰስሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። አዛውንቱ መካኒክ ከእኔ የሚበልጡት በእጃቸው ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ቀላሉንና ማንንም የማይጎዳውን ፍተሻ በማስቀደማቸው ጭምር ነው። መጠየቅ ምንም አያስወጣም ነበር።

መኪናዋ ዛሬ ዝም ብላ ትነሣለች። ልጁን ይቅርታ ስጠይቀው «ምንም አይደል ጋሼ» አለኝ። ቁልፉን ዘረጋሁለት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ «አንተ» ይለኝ የነበረው ልጅ «እርስዎ ይንዱ» ብሎ መለሰልኝ።

ያም ሆኖ እሑድ ቡና ሲፈላ መጥራቴን አልተውሁም።